በቄጠማ ውስጥ ስለሚሸሸጉ ወፎች

ለሰው ዐይን በግልጥ የተሰጠውን ፍጥረት ሁሉም ያየዋል። ንስር በሰማይ ሲያንዣብብ፥ ሽመላ በእርሻ መካከል ሲራመድ፥ ሳቢሳ ከከብት ኋላ ስትከተል አይቶ የማያውቅ ልጅ በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን ከጓሯችን አለፍ ብሎ ከምንጩ በታች፥ በፊላውና በቄጠማው ውስጥ ተወልደው አድገው፥ ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ የሚያልፉ ሌሎች ፍጥረቶች አሉ። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ስለ እነርሱ ነው፤ ደግሞም ስለ እነርሱ ሲል በአባቱ ዘንድ ሐሰተኛ ስለ ተባለ አንድ ልጅ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ወሎ ሄጄ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው በሐብሩ ወረዳ፥ ከወልድያ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከመርሳ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። በዚያ ወራት ማሽላው ከሰው ቁመት ሊተካከል ደርሶ፥ ጅረቱ ሁሉ ሞልቶ፥ ምድሪቱ አረንጓዴ ለብሳ ነበር። ማታ ቡና ተፈልቶ አቦሉ እንደ ተጠጣ ወንድሜ የ12 ዓመት ልጁን በፊቴ ይከስሰው ጀመር።

«ይህ ልጅ ጥጆቹን እንዲጠብቅ ወደ ውሃው ዳር በላክሁት ቍጥር ከፊላው አጠገብ እንደ ድንጋይ ተጎልቶ ይውላል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጥጃ ከጎረቤት ማሽላ ገብቶ ካሣ ከፈልሁ። ምን ስታይ ነው ብለው፥ ወፍ ሳይ ነው አለኝ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁ፤ አንድ ወፍ የሚባል ነገር በዚያ የለም። ጥጃው መግባቱ አንድ ጥፋት ነው፤ እኔን ያሳዘነኝ ግን መዋሸቱ ነው። እስኪ አንተ ምከረው» አለ።

ልጁ ራሱን አቀርቅሮ ዝም አለ። እኔም «ወፎቹ ስንት ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ስድስት ናቸው፥ ጋሼ። ሁለቱ ትልልቆች ናቸው። ሦስቱ ጥቋቁር ጫጩቶች ናቸው። አንዱ ግን ትልቅም ትንሽም አይደለም፤ ቡናማ ነው፤ እሱም ጫጩቶቹን ያበላቸዋል» ሲል መለሰልኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ነገሩ ውሸት እንዳልሆነ በልቤ ተረዳሁ። የሚዋሽ ልጅ ወፉን ያተልቀዋል፥ ቀለሙን ያሳምረዋል እንጂ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ታናናሾቹን የሚያበላ ወፍ ከራሱ አፍልቆ አይናገርም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ከልጁ ጋር ወረድሁ። ነጭ ጋቢዬን ተከናንቤ፥ እንደ ልማዴ እያሳልሁና በዘንጌ ቄጠማውን እየገለጥሁ ስለ ነበር እስከ ጧቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ብንቀመጥ ምንም አላየንም። ልጁ በታላቅ ትሕትና «ጋሼ፥ ነገ ጋቢው ቢቀርስ? ነጩ ከሩቅ ይታያቸዋል» አለኝ። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበረ፤ ከፊላው ውስጥ አንድ ሻካራ ድምፅ ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ሁለቱም አብረው ጥቂት ጮኸው ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ቡላ ካፖርት ለብሼ፥ ጀርባዬን ለሚወጣው ፀሐይ ሰጥቼ፥ ልጁ ባሳየኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ከፊላው ሥር ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ምንቃሯ እንደ በሰለ ሎሚ ቢጫ፥ እግሮቿና ዐይኗ እንደ በርበሬ የቀሉ አንዲት ወፍ ወደ ጭቃው ብቅ አለች፤ ወዲያና ወዲህ ካየች በኋላም ትል እየለቀመች ሄደች። ኋላዋን ተከትለው ሦስት ጥቋቁር ጫጩቶች ወጡ። በመጨረሻም ያ ቡናማው መጥቶ በምንቃሩ የያዘውን ለአንዱ ጫጩት አጎረሰው። ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ወደ እኔ ዘወር ብሎ አየኝ እንጂ።

የወፍ ዐዋቂዎች ይህችን ወፍ በጥቁርነቷ ሰይመዋታል፤ እኛም ጥቁሪቱ የፊላ ዶሮ ብንላት ያስኬዳል። ከሰሐራ በረሓ በስተ ደቡብ ባለው በአፍሪቃ ምድር ውሃና ፊላ በተገናኙበት በብዙ ስፍራ ትገኛለች። ኑሮዋ ለቤተ ሰብ ትምህርት የሚሆን ነው። ተባዕቱና እንስቲቱ ጎጆውን አብረው ይሠራሉ፤ ዕንቍላሉንም ተራ በተራ ይታቀፋሉ፤ በፊላው ውስጥ የሰማነውም ድምፅ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ የሚያሰሙት ነው። ከፊተኛው ወሊድ የቀሩት ልጆች ደግሞ ወዲያው በርረው አይሄዱም፤ ከወላጆቻቸው ጋር ቈይተው ታናናሾቻቸውን ያበላሉ፥ ይጠብቃሉም። ያ ቡናማው ወፍ እንግዲህ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነበረ ማለት ነው።

የእነዚህ ወፎች ወገን ሁሉ ለመሸሸግ የተፈጠረ ነው። ሰውነታቸው ከጎንና ከጎን የተጠፈጠፈ ስለ ሆነ በሁለት አገዳ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ቅጠሉን ሳያነቃንቁ ያልፋሉ። የእግራቸው ጣቶች ረዣዥም ስለ ሆኑ ክብደታቸው በሰፊ ቦታ ይከፋፈልና በጭቃና በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ሳይሰምጡ ይሄዳሉ። አደጋ ሲመጣ ከመብረር ይልቅ መሮጥን ይመርጣሉ። ስለዚህ ወንድሜ በከባድ ርምጃ ወደ ውሃው በወረደ ጊዜ ምንም አለማየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ወፎቹ ግን እርሱን አይተውታል።

በዚያው ማታ ለወንድሜ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። ልጁም እውነት መናገሩን መሰከርሁለት። ወንድሜ ቅን ሰው ነውና ደስ አለው፤ ነገር ግን ገበሬም ነውና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «መልካም፤ ወፏ አለች። ቢያያትስ ምን ይጠቀማል? ባያያትስ ምን ይጎድላል?» ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙዎች አባቶችና እናቶችም የሚጠይቁት ስለ ሆነ ለእርሱ የመለስሁለትን ለአንባቢዎቻችን እጽፈዋለሁ።

ከወልድያ ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ወደ ላይ እየወጣ ደጋውን ይይዛል። በእንዲህ ያለው የደጋ ረግረግና የወንዝ ዳር ሣር የጥቁሪቱ ዘመድ የሆነች ሌላ ወፍ ትኖራለች። ጀርባዋ ቡናማ፥ ደረቷ ቀላ ያለ ነው፤ ስትሄድ ጅራቷን ወደ ላይ ብድግ ስታደርግ ከሥሩ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። ከወገኖቿ ይልቅ ይህች ለሰው ትቀርባለች። ሊቃውንት በ1843 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የሩዤ ወፍ ብለው በመጽሐፍ መዘገቧት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር አትገኝም። ይህን እያወቀ የሚያልፋትና ሳያውቅ የሚያልፋት ሰው እኩል አይደሉም፤ በሌላ አገር የሌለ ሀብት በእጁ እንዳለ ያወቀ ሰው እንዴት እንደሚይዘው ያስብበታልና።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የነጭ ክንፏ ወፍ ታሪክ ነው። ይህች ወፍ ከድርጭት የምታንስ ናት፤ ርዝመቷ ከ14 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ነው። የተባዕቱ ራስና አንገት ቀይ ቡናማ ነው፤ በክንፏ ላይ ያለው ነጭ ምልክት የሚታየው ስትበርር ብቻ ነው፤ እርሷም የምትበርረው ሊረግጧት ሲደርሱ ነው፤ ጥቂት ሜትር በርራ እንደ ገና ከሣሩ ውስጥ ትገባለች። በ1877 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከደቡብ አፍሪቃ በተገኘችው ወፍ ምክንያት ለሳይንስ ታወቀች። በእኛም አገር በአዲስ አበባ አጠገብ በሱሉልታ ሜዳ ታይታ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዘመን የሚያያት ጠፋ። በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በደጋው ረግረግ ሁሉ ፍለጋ ባደረገ ጊዜ፥ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም አጠገብ ባለው በበርጋ ረግረግ ከጎጆዋ ጋር ተገኘች። በክረምት፥ ሣሩ በሚረዝምበትና ውሃው ሜዳውን በሚሸፍንበት በሐምሌና በነሐሴ በዚያ ትወልዳለች።

በደቡብ አፍሪቃ ደግሞ ስለ እርሷ የታወቀው ጥቂት ነበር፤ ሰዎች ሣሩን እየረገጡና ገመድ እየጎተቱ ሲያስበርሯት ለቅጽበት ታይታ ትሰወራለች። ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ ዘዴ አሰቡ። የሚንቀሳቀስ ነገር ባለፈ ጊዜ ራሳቸው ሥዕል የሚያነሡ ካሜራዎችን በረግረጉ ውስጥ ተክለው ተመለሱ። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዚያ አገርም እንደምትወልድ በሥዕሉ ተረጋገጠ፤ ከዚያም ወዲህ ትክክለኛ ድምፅዋ ታወቀ። ወንድሜን «ይህ ካሜራ ምን አደረገ? ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ ከአንድ ስፍራ ተቀመጠ። ልጅህም ያደረገው ይህንኑ ነው» አልሁት።

ታዲያ ይህች ወፍ በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተመዘገበች። በዓለም ሁሉ ያሉት ለመውለድ የደረሱት ከ250 እንደሚያንሱ ተገምቷል። ምክንያቱም የምትኖርበት ረግረግ ስለሚጠነፈፍ፥ ስለሚታረስ፥ ያለ መጠን ስለሚጋጥና ሣሩ ያለ ጊዜው ስለሚታጨድ ነው። እዚህ ላይ ለወንድሜ የነገርሁትን ዋና ነገር ልድገመው። ዝሆን ከአንድ አገር ቢጠፋ ሁሉም ያውቃል፤ አንበሳም ቢጠፋ ይወራል። በቄጠማ ውስጥ የምትሸሸግ ወፍ ግን ብትጠፋ፥ ትናንትም የሚያያት ስላልነበረ ዛሬ የሚጠይቅላት አይገኝም። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ከሌለ የመኖሯም የመጥፋቷም ምስክር የለም። ስለዚህ የልጅህ ሥራ የሥራ ፈት ሥራ አይደለም፤ የምስክር ሥራ ነው።

የበርጋ ሰዎች ይህን ተረድተው ያደረጉት ሊመሰገን ይገባል። እነርሱም እንደ እኛው ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ናቸው፤ ሜዳው የከብቶቻቸው ሲሳይ ነው። ቢሆንም ወፏን የሚጠብቅ ማኅበር በመካከላቸው አቋቋሙ፤ ስለ ረግረጉ አጠባበቅም ከተፈጥሮ ታሪኩ ማኅበር ጋር ተመካከሩ። በደቡብ አፍሪቃ ለረግረግ ጥበቃ የተቋቋመ ድርጅት በሰጠው ርዳታም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠራላቸው። እንግዲህ ወፍን መጠበቅ ሰውን መበደል እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

አሁን ይህን አንብበው ከልጆቻቸው ጋር ወደ ውሃው ዳር ለመውረድ የሚፈልጉ ወላጆች እንዳሉ ተስፋ በማድረግ፥ ከልጁም ከራሴም ስሕተት የተማርሁትን በተራ እጽፋለሁ።

1ኛ፤ ሰዓቱ ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ልትገባ ስትል ይሁን። በቀትር እነዚህ ወፎች ከጥላው አይወጡም። ምሽት ላይ ግን የወባ ትንኝ ስለሚበዛ፥ በተለይ በቆላው ላሉ ሕፃናት ጧቱ ይሻላል።

2ኛ፤ ነጭ ልብስ አትልበሱ። ነጠላና ጋቢ ለበዓል ያማረ ነው፤ ለረግረግ ግን ቡላ ወይም የአፈር መልክ ያለው ልብስ ይሁን። ፀሐይ ከኋላችሁ ሆና ወደ ፊት ለፊታችሁ ታብራ።

3ኛ፤ ዐይናችሁን በፊላው መካከል አታድክሙ። ፊላውና ጭቃው የሚገናኙበትን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ወፎቹ ለመብል የሚወጡት በዚያ ነውና። ከማየት በፊት ስሙ፤ ድምፅ የሰማችሁበትን ስፍራ ልብ ብላችሁ ነገ ወደዚያው ተመለሱ።

4ኛ፤ ድንጋይ አትወርውሩ፤ ሣሩን አትምቱ፤ ውሻ ይዛችሁ አትውረዱ። ዛሬ የወፍ ድምፅ በስልክ ውስጥ እያስጮኹ ወፎችን የሚጠሩ ሰዎች አሉ። ወፏ ጠላት ወደ ቤቷ የገባ መስሏት ጎጆዋን ትታ ለጠብ ትወጣለችና ይህን ማድረግ በተለይ በመውለጃ ወራት አይገባም።

5ኛ፤ ጎጆ ብታገኙ አትንኩ፤ አጠገቡም አትቁሙ፤ በመጣችሁበት ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። የተረገጠ ሣር ለድመትና ለሌላ አውሬ መንገድ ይሆናል። ዕንቍላል ማንሣትና በወንጭፍ መምታትማ ለመናገርም አያስፈልግም።

6ኛ፤ ልጆች በባዶ እግራቸው ወደ ውሃው አይግቡ። ቀስ ብሎ በሚሄድና በሚቈም ውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የበሽታው ትል በቆዳ በኩል ይገባል። ለማየት ደረቅ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይበቃል።

7ኛ፤ ደብተር ይኑራችሁ። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውን፥ ስንት እንደ ታዩና ምን እንዳደረጉ ጻፉ። ምንም ያልታየበትንም ቀን ጻፉት። የዛሬ ዓመት ያ ጽሑፍ ወፉ መብዛቱን ወይም ማነሱን ይናገራል።

8ኛ፤ ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ወፍ ለማየት ከመቀመጡ በፊት ጥጃውን በገመድ ይሰር። ስለ ጎረቤት ማሽላ ወንድሜ መቈጣቱ ትክክል ነበር፤ ይህንንም ለልጁ በግልጥ ነግሬዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር የወንድሜ ሚስት ቡናውን እየቀዳች ታዳምጥ ነበር። በእግራችን ሥር የተጎዘጎዘው ቄጠማ ከዚያው ከውሃው ዳር የታጨደ ነበረ። እርሷም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እኔስ ለእንቍጣጣሽ ያንን ጥግ ላሳጭድ አስቤ ነበር» አለች። ልጁ ደንግጦ ቀና አለ። «ግድ የለም፥ ልጄ፤ ለእኔ ከመንገዱ በኩል ያለው ይበቃኛል፤ ያኛው ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ይቈይ» አለችው።

እኅቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ቃል ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ያለ ቄጠማ ቡናም በዓልም እንደማይደምቅ እናውቃለን፤ ቄጠማ አይታጨድ የሚል ሰውም የለም። ነገር ግን የእኛ በዓል የሚውለው የወፎቹ ጫጩቶች ገና ባልጠነከሩበት በክረምቱ መውጫ ነው። ከረግረጉ አንዱን ወገን አጭዶ ሌላውን መተው፥ ማጭዱንም ከመጀመር በፊት በእጅ ገለጥ አድርጎ ጎጆ አለመኖሩን ማየት የማንንም ቤት አያጎድልም። ለቤታችን ጌጥ የምናነሣው ሣር ለሌላው ራሱ ቤቱ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ በተነሣሁበት ቀን ጧት ወንድሜ ከእኛ ጋር ወረደ። ነጭ ጋቢውን ትቶ የልጁን አሮጌ ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር። መቀመጥ ያልለመደ ሰው ስለ ሆነ ብዙ ተቸገረ፤ ሁለት ጊዜ ሊነሣ ሲል ልጁ በእጁ ያዝ አደረገው። በመጨረሻ ያቺ ጥቁሪቱ ለአንድ አፍታ ብቅ ብላ ተመለሰች፤ ጫጩቶቹ ግን አልወጡም። ወንድሜ ወደ ልጁ ጆሮ ጎንበስ ብሎ «ይህች እናቲቱ ናት አባትየው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀው። ሁለቱ በመልክ ስለማይለያዩ ልጁም አላወቀም። ሁለቱም ይህን ለመለየት ተቀምጠው ሳሉ እኔ ወደ መኪናው መንገድ ወጣሁ፤ ጥጃውም በገመድ ታስሮ ነበር።